ወደ ደቅ ደሴት ለሚጓዝ ቤተ ሰብ

ልጅን ከደብተሩ ለጥቂት ቀን አሳርፎ አውሬውንና ወፉን፥ ዛፉንና ውሃውን ማሳየት ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ያለ ምክር የተጀመረ መንገድ ደስታው ወደ ኀዘን ይለወጣልና፥ በእኛ የደረሰውን ልንነግራችሁ ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ቤተ ሰባችንን ይዘን ከእንጅባራ ወደ ጣና ሐይቅ ወረድን። ስንቁንና የጀልባውን ዋጋ አሰናድተን ነበር፤ የምንሄድበትን ደሴት ሥርዓት ግን አልጠየቅንም። ከዳር በደረስን ጊዜ ገዳሙ ለወንዶች ብቻ መሆኑ ተነገረን። እኛ ከወንዶች ልጆቻችን ጋራ ወደ ጫካው ስንወጣ፥ እናትና ልጅ ከጀልባው ቀሩ። በተመለስን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጃችን፦ «አባባ፥ የመጣነው ወፎቹን ሊያሳዩኝ አልነበረምን?» አለችን፤ የምንመልሰውም አጣን። ጥፋቱ የእኛ ነው እንጂ የጥንት ሥርዓቱን የሚጠብቀው ገዳም አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመከርበት የሚገባው የደሴቱ ምርጫ ነው። በጣና ካሉት 37 ያህል ደሴቶች መካከል ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን አያስገቡም። በታላቁ ደሴት በደቅ ዳር ያለውን፥ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ግን ወንዱም ሴቱም ይሳለመዋል። በዚያ ቤተ ሰቡ ሳይለያይ ይውላል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናሙ ያቆማል፤ ከሰሜን አገር ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም በሐይቁ ዳር ይገኛሉ። ከእንጅባራም ሆነ ከዳንግላ የሚነሣ ሰው ባሕር ዳር አድሮ፥ ጎሕ ሲቀድ በጀልባ ይሳፈር፤ ደቅ ሩቅ ነው፤ ከቀትር በኋላም ነፋሱ ማዕበል ያስነሣል። ለእያንዳንዱ ሰው፥ ለሕፃኑም ሳይቀር፥ የመንሳፈፊያ ልብስ መኖሩን ሳያዩ መሳፈር አይገባም። ስለ መንገዱ ጸጥታም ከመነሣት በፊት የሚያውቁትን መጠየቅ የቤተ ሰብ አለቃ ግዴታ ነው።

ትምህርቱ ከመንገድ ይጀምራል። ግልገል ዓባይን ሲሻገሩ፥ ከሰከላ የመጣው ይህ ውሃ ወደ ጣና እንደሚወርድ ለልጆች ያስረዷቸው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ጉማሬ ይታያል፤ ነገር ግን ቀዛፊው እንዲጠጋ አይዘዙት፤ ጉማሬ ሲቈጣ ጀልባ ይገለብጣል። የደንገል ታንኳውን፥ ዓሣ የሚነጥቀውን ንስር፥ ከምንቃሩ ሥር ከረጢት ያለውንም ፔሊካን ልጁ በደብተሩ ይሣል።

ሁሉን በአንድ ቀን ለማየት ግን አይቸኩሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሜጀር ቺዝማን፥ ለሐይቁ ጎረቤት ሳለ፥ ደሴቶቹንና ወፎቹን ለማወቅ ደጋግሞ ተመላልሷል፤ መጽሐፉንም ያሳተመው በ1936 ነው። ለዓመታት የተመላለሰበትን አገር እኛ በአንድ ጀምበር ልንጨርሰው አንችልም።

በመጨረሻም፥ ጣና በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የዓሣ ዓይነቶችን የያዘ ሐይቅ ነው፤ ዩኔስኮም በ2007 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አግብቶታል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ግን እንቦጭ የሚባል አረም ጎድቶታል። ስለዚህ አበባው ያማረ ቢመስልም ነቅሎ ወደ ሌላ ውሃ መውሰድ፥ ላስቲክም መጣል ነውር መሆኑን ልጆች ከወላጆቻቸው ይማሩ።

እኛም በማግሥቱ ዓመት ልጃችንን ይዘን ወደ ደቅ ተመለስን። ከጀልባው ቀድማ የወረደችው እርስዋ ነበረች። እናንተም ከመነሣታችሁ በፊት ቤተ ሰቡን በአንድ ማዕድ ሰብስባችሁ፥ ለታናሺቱ ልጅ የሚገባትን ስፍራ አስቀድማችሁ ምረጡ።