መነጽሩና ፊት ለፊት ያለው ሰው

መነጽር ለብዙ ዘመናት የደከመ ዓይንን ሲረዳ የኖረ፣ ከባለቤቱ በቀር ሌላውን የማይመለከት መሣሪያ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ባለሙያዎች የሚደክሙበት መነጽር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በመስተዋቱ ላይ ጽሑፍና ሥዕል ያሳያል፤ በካሜራው ያየውንና በማይክሮፎኑ የሰማውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየመረመረ ለጠያቂው መልስ ይሰጣል። የሠሪዎቹ ምኞት ኮምፒዩተር ከጠረጴዛና ከኪስ ወጥቶ በዓይን ፊት እንዲውል ነው።

አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1968 (እ.ኤ.አ.) የሠራው በራስ ላይ የሚጠለቅ ማሳያ በብረት ክንድ ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ነበር። በ2024 ሜታ የተባለው ኩባንያ ለሕዝብ ያሳየው ኦራያን የተሰኘ የሙከራ መነጽር ግን ክብደቱ ከ100 ግራም በታች ነው። እርግጥ ነው፣ ስሌቱን የሚያግዝ ሌላ ትንሽ መሣሪያ አብሮት መያዝ አለበት። ባትሪው ቢተልቅ መነጽሩ አፍንጫን ይጫናል፤ የስሌት ጉልበቱ ቢበረታ ጆሮ ግንድን ያሞቃል። ሠሪዎቹ ሌት ተቀን የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

እኔ ግን ከግራሙ ይልቅ የተዘነጋ የሚመስለኝ ሌላ ሰው አለ፤ እርሱም መነጽሩን ያላደረገው ነው። ጉግል በ2013 በ1500 ዶላር የሸጠው መነጽር በ2015 ከተራው ሸማች ገበያ የወጣው ዋጋው ስለ ከበደ ብቻ አልነበረም። ሰዎች ሳያውቁ እንቀረጻለን ብለው ሰጉ፤ አንዳንድ መጠጥ ቤቶችም መነጽሩን አድርጎ መግባትን ከለከሉ።

ከዚያ ወዲህ በወጡ መነጽሮች ላይ ካሜራው ሲቀርጽ የምትበራ ትንሽ መብራት ተደርጋለች። ይህች መብራት ትበቃለች የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በቀትር ፀሐይ ገበያ መካከል የተቀመጠች ሴት ያችን ጭላንጭል ብታይ እንኳ ትርጉሟን ማን ነገራት?

ለዓይነ ስውር ሰው ደብዳቤውን የሚያነብለት፣ የቆመበትን ስፍራ የሚነግረው መነጽር ታላቅ ረዳት ነውና ካሜራው ፈጽሞ ይቅር አልልም። ለሌላው ግን ካሜራ የሌላቸው፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳዩ መነጽሮች አሁንም በገበያ ላይ ይገኛሉ። ካሜራ ያለውም ቢሆን በእጅ የሚዘጋ፣ ከሩቅ የሚለይ ክዳን ቢደረግለት ማንም ሰው መዘጋቱን በዓይኑ አይቶ ያረጋግጣል፤ በዚህም ምክንያት መነጽሩ ጥቂት ግራም ቢጨምር ይጨምር።