ብስኩቱ ውስጥ ያለው ይነገር

ስለ ብስኩት መጻፍ ለተማሪ መጽሔት የማይመጥን ጉዳይ መስሎ የሚታያቸው ወንድሞችና እኅቶች ይኖሩ ይሆናል። አገር ስንት የሚያነጋግር ነገር እያላት ስለ ቅቤና ስለ ዱቄት ገጽ መፍጀት ምን ይሉታል የሚሉም አይጠፉም። እኛ ግን በአንድ ሳሕን ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች እውነቱን መነጋገር ካቃታቸው፣ በሸንጎ ይነጋገራሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ ዘበት ነው እንላለን። ስለዚህ አንባቢ ጥቂት ታግሦ እንዲከተለን እንለምናለን።

በኦቶና አካባቢ ቤት ተከራይተን የምንኖር የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድ ከቡና ጋራ የሚቀርብ የቅቤ ብስኩት በየቤታችን መጋገር ልማድ አድርገነዋል። ሥራው ቀላል ነው። አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ የፉርኖ ዱቄት፤ በሚዛን ሲሆን 100፣ 200 እና 300 ግራም ማለት ነው። ቅቤውና ስኳሩ ነጣ እስኪል ይመታል፤ ዱቄቱ ይጨመራል፤ ሊጡ ብዙ ሳይታሽ ይዳመጥና ይቆረጣል፤ በ175 ዲግሪ ገደማ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋገራል። የኤሌክትሪክ ምድጃ የሌለው ተማሪ በከባድ ድስት ውስጥ አሸዋ አግሎ፣ ትሪውን በላዩ አስቀምጦ ይከድናል፤ ጊዜው ግን ረዘም ይላል።

በቅቤ በኩል የወላይታ ተማሪ ዕድለኛ ነው። በሶዶ ገበያ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጠው ለጋ ቅቤ ከረጋ ወተት የተናጠ ስለሆነ የፋብሪካ ቅቤ የሌለው መዓዛ አለው። ውሃው በዛ ስለሚል ግን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ መጭመቅ ይበጃል። በቅመም የተነጠረው ለክትፎና ለወጥ ይቆይ።

ከዚህ በኋላ ሊኬር የተባለው ጣፋጭ አረቄ መጣ። በብርቱካን፣ በቡና ወይም በሌላ ፍሬ የጣፈጠውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሊጡ ላይ ጠብ ማድረግ የተለመደ ሆነ፤ ሊኬር ያጣ ኡዞ ይጨምራል። ዘዴው ከንቱ አይደለም። መዓዛ የሚሰጡ ብዙ ነገሮች ከውሃ ይልቅ በአልኮል ውስጥ ይሟሟሉ። ደግሞም ዱቄት በውሃ ሲታሽ የሚሳበው ሙጫ በአልኮል አይጠነክርም፤ ስለዚህ ብስኩቱ በአፍ ውስጥ ፍርክስ ይላል። ጣዕሙን እኛም መስክረናል፤ በዚህ ረገድ ከማንም ጋራ ጠብ የለንም።

ታዲያ ጠቡ ከወዴት መጣ? ሳሕኑ ሲዞር «አረቄ አለበት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይነሣል። ጋጋሪውም «ነበረበት፤ ነገር ግን እሳት ላይ ተኖ አልቋል» ብሎ ይመልሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ምንም ሳይናገሩ አቅርቦ፣ እንግዳው በልቶ ሲጨርስ ነግሮ መሳቅ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ስሕተት ብቻ ተብሎ አይታለፍም።

በመጀመሪያ ስለ ስሕተቱ እንናገር። አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ ብስኩቱ በ175 ይጋገራል፤ ስለዚህ ምንም አይቀርም የሚለው ስሌት ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ አልኮል ከውሃና ከሌላው ነገር ጋራ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጣም። በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካን አገር ተመራማሪዎች በተለያዩ ምግቦች ላይ ለክተውታል። ከምግብ ጋራ ተደባልቆ 15 ደቂቃ ከበሰለ በኋላ በመቶ 40 ያህሉ ይቀራል፤ በግማሽ ሰዓት በመቶ 35፣ በአንድ ሰዓት በመቶ 25፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢበስል እንኳ በመቶ 5 አይጠፋም። ከስስ ብስኩት ላይ የሚቀረው ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ «ምንም የለበትም» ብሎ ለመማል ግን የሚያበቃ ማስረጃ የለም።

ሚዛናዊ ለመሆን የቀረውንም እንቁጠር። ሁለት የሾርባ ማንኪያ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ሊኬሩ በመቶ 25 አልኮል ቢኖረው 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከዚህ በመቶ 40 ቢቀር 3 ሚሊ ሊትር፤ ይህም ለ40 ብስኩት ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በዚህ የሚሰክር ሰው የለም። ነገር ግን የጠየቀው ወንድማችን «እሰክራለሁ ወይ?» አላለም፤ «አለበት ወይ?» ነው ያለው። ቃል የገባ ሰው ቃሉን በሚሊ ሊትር ሰፍሮ አልገባም።

እስቲ በሳሕኑ ዙሪያ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ሚስዮናውያን ከ1920 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሶዶ ከሰፈሩ ወዲህ በወላይታ የወንጌላውያን እምነት በሰፊው ተስፋፍቷል፤ ብዙው የቃለ ሕይወት ምእመንም ከመጠጥ መራቅን የኑሮው ምልክት አድርጎ ይዞታል። ሙስሊም እኅታችን ቅቤውን ትበላለች፤ አረቄው ግን ክልክሏ ነው። የኦርቶዶክስ ተከታዩ ደግሞ በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ሙሉ በመጀመሪያ የሚያግደው ቅቤው ነው። በኦቶና ግቢ የሕክምና ትምህርት የሚከታተሉ ወዳጆቻችን እንደሚነግሩን፣ ለአሜባና ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሕመምተኛ አልኮል እንዳይቀምስ ይመከራል። መጠጥ አስቸግሮት በብዙ ትግል የተወ ሰው ሽታው ብቻ እንኳ ሊፈትነው ይችላል። እንግዲህ አንዲት ትንሽ ብስኩት ስንቱን እንደምትመለከት አንባቢ ይፍረድ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ይህ ሁሉ ለአንድ ጉርሻ ነውን? ካልነገርነው ምን ይጎዳዋል?» ይሉናል። በእኛ አስተያየት ጉዳቱ ያለው ከሆዱ ላይ አይደለም። እንግዳ ከእጃችን የሚቀበለው ምን እንደ ሆነ መርምሮ ሳይሆን እኛን አምኖ ነው። ባልንጀራውን አታልሎ ያበላ ሰው ስለ እርሱ ሆኖ ወሰነለት ማለት ነው፤ ስለ ሌላው ሆኖ መወሰንን ደግሞ እኛ ተማሪዎች በሌላው ላይ ስናይ አጥብቀን የምንነቅፈው ነገር ነው።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «እንግዲያውስ አረቄ ያለበት ብስኩት ከተማሪ ቤት ጨርሶ ይወገድ» ይላሉ። በዚህም አንስማማም። ለአካለ መጠን የደረሰና የፈለገ ሰው ጋግሮ ይብላ፤ የማንም እምነት የሌላውን ማሰሮ እንዲቆልፍ አንሻም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅ ወደ ሳሕኑ ከመዘርጋቱ በፊት ይነገር።

ለዚህም ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሊጡ አረቄው ከመጨመሩ በፊት ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ በተፈጨ ኮረሪማ ወይም በብርቱካን ልጣጭ ይጣፍጥ። ኮረሪማ የደቡብ አገራችን በረከት ስለ ሆነ ከውጭ በመጣ ጠርሙስ ፊት የሚያፍር አይደለም። ሁለተኛ፣ አረቄ ያለበት በአራት ማዕዘን፣ የሌለበት በክብ ይቆረጥ፤ ሳሕናቸውም ይለያይ። ሦስተኛ፣ በጾም ቀን በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ አብሮ ይቅረብ። ይህ ሁሉ ከጋጋሪው የሚጠይቀው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

በምንኖርበት አገር ቅቤ ተራ ነገር አይደለም። ለጊፋታ በዓል ሴቶች ቅቤ፣ ወንዶች ለሰንጋ የሚሆን ገንዘብ አስቀድመው በማኅበር ያጠራቅማሉ፤ የተጣላም ሳይታረቅ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር የለበትም ይባላል። ቅቤው የሚጠራቀመው አብሮ ለመብላት ነው። ከዚህ ሕዝብ ገበያ ገዝተን የጋገርነው ብስኩት ሰውን ከሰው የሚለይ ወይም የሚያሳፍር ሲሆን ማየት አንወድም።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ብቅሉ ሳያወጣው አፋችን አስቀድሞ ቢያወጣው ይሻላል እንላለን። የተለየ ሐሳብ ያለው ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ብስኩቱንም ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ውስጡ ያለውን ግን ከበር ላይ ይንገረን።