ለደከመ እጅ የሚሆን ሽጉጥ የትኛው ነው?

የዛሬው ርእሴ የመሣሪያ ነጋዴ ማስታወቂያ ቢመስል አይግረማችሁ። ጣቶቹን ቁርጥማት የያዘው፣ ጉልበቱ የከዳው ሰው ሊያዝዘው የሚችለው ሽጉጥ የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ሲነሣ የሸማች ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ሱቅ ይገባል፣ አምስት ዓይነት ያማርጣል፣ ከፍሎ ይወጣል። በጎንደር ሲነሣ ግን የሸማች ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንድ ሽማግሌ በስተርጅና ዘመኑ ራሱን በራሱ ለመጠበቅ ለምን ተገደደ የሚለውን ሌላ ጥያቄ ተሸክሞ ይመጣል።

ጥያቄውን ለእኔ ያቀረቡልኝ በደባርቅ አካባቢ የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ዘመዴ ናቸው። ጠመንጃው ከብዷቸዋል፤ ትከሻቸውም አልቻለውም። «ልጄ፣ አንተ ከኮምፒውተሩ የማታየው የለም፤ ለእንደኔ ያለ እጅ የሚቀል ሽጉጥ እስቲ ፈልግልኝ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ፈገግ ስል እሳቸው አልሳቁም። የሚያስፈራቸው ነገር በራቸው ላይ ያለ ነውና። ስለዚህ ጥያቄያቸውን በቁም ነገር ይዤ ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ የብረቱን ነገር እንይ። አውቶማቲክ ሽጉጥ ከያዡ እጅ ቢያንስ አራት ሥራ ይፈልጋል፤ ካዝናውን በጥይት መሙላት፣ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል፣ ምላጩን መሳብ፣ ሲተኮስም ወደ ኋላ የሚመታውን ጉልበት መቋቋም። ቁርጥማት ያለበትን ሰው ይበልጥ የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ ማቀባበሉ ነው።

በአገራችን የታወቀውን ማካሮቭን እንውሰድ። ይህ በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊት አገልግሎት የተመረጠ ሽጉጥ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፤ ባዶውን 730 ግራም ያህል ይመዝናል። አሠራሩ ቀላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ነገር ግን ጥይቱ ሲተኮስ ተንሸራታቹን ብረት የሚይዘው ሌላ መቆለፊያ የለውም፤ የሚገታው የብረቱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞላው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ጠንካራ ሞላ ደግሞ ለደከመ እጅ ጠላት ነው። ትንሽ ሽጉጥ ሁሉ ቀላል ነው የሚለው የብዙ ሰው እምነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ካዝናውን የሚለቀው ቁልፍም ከእጀታው ግርጌ ስላለ ሌላ እጅና ጠንካራ አውራ ጣት ይጠይቃል።

ሪቮልቨር የሚቀባበል ነገር የለውም፤ ጥይቱን በተሽከርካሪው ቀዳዳ ከትቶ መዝጋት ነው። ሆኖም መዶሻውን ሳያነሡ ሲተኩሱት ምላጩ እስከ አምስት ኪሎ የሚደርስ የጣት ጉልበት ይጠይቃል። አውራ ጣቱ የሚታዘዝለት ሰው መዶሻውን አስቀድሞ ቢያነሣ ምላጩ በእጅጉ ይቀልለታል። ጣሊያኖቹ የቤሬታ ሠሪዎች ደግሞ አፈሙዙ ከኋላው ብድግ የሚል፣ ጥይት በእጅ የሚጎርስ፣ ማቀባበል የማያስፈልገው ትንሽ ሽጉጥ ሠርተዋል። አሜሪካዊው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ2018 «ሺልድ ኢዚ» የተባለውን ያወጣው ተንሸራታቹን ብረት ለመሳብ ለሚቸገሩ ሰዎች ብሎ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ሕግ አለ፤ ሽጉጡ ከባድ በሆነ ቁጥር በእጅ ላይ የሚመታው ይቀንሳል፣ ቀላል በሆነ ቁጥር ይብሳል። ለመሸከም የሚመች ለመተኮስ አይመችም።

እንግዲህ መልሱ ተገኘ ማለት ነው? በወረቀት ላይ አዎን። ችግሩ ከእነዚህ መካከል ዘመዴ ገብተው የሚገዙበት ሱቅ አለመኖሩ ነው። ተራራውን ወጥቶ ደጃቸው የሚደርሰው በኮንትሮባንድ የሚገባው ነው። በ2011 ዓ.ም. ፖሊስ በየኬላው ያዝኩት ሲል ደጋግሞ ያሳወቀው የቱርክ ሽጉጥ የዚህ ንግድ ምልክት ነው። የዚህ ሽጉጥ ሠሪ ማን እንደሆነ፣ በመንገድ ላይ ማን እንደነካካው፣ መጠበቂያው ይሠራ እንደሆነ ገዢው የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ9 ሚሊ ሜትሩ «ሺልድ ኢዚ» አንዳንዶቹ መዶሻቸው ሊሰነጠቅ እንደሚችል ሲደርስበት ባለቤቶቹ መጠቀም እንዲያቆሙና እንዲመልሱ ጥሪ አድርጓል። የኮንትሮባንድ ሽጉጥ መዶሻው ቢሰነጠቅ ጥሪ የሚያደርግ ማን አለ?

የባሰው ነገር ግን ሌላ ነው። ማቀባበል የማይችል ሰው ምን ያደርጋል? ጎረምሳ ልጁን ወይም ጎረቤቱን «አቀባብልልኝ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ሽጉጡ ጥይት እንደጎረሰ በትራስ ሥር ያድራል፣ በወገብ ይውላል። ጥይቱን ማውጣትም ያው ጉልበት ስለሚፈልግ ማንም አያወጣውም። በዚያው ቤት የልጅ ልጆች ይጫወታሉ። የደከመ እጅ አደጋው ለመተኮስ አለመቻሉ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያውን ባዶ ለማድረግ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ለዘመዴ የሰጠኋቸው መመዘኛ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ያለ ማንም እርዳታ ጥይቱን ማውጣት የማይችሉትን መሣሪያ አይያዙ።»

«እንግዲያስ ማን ይጠብቀኝ?» ብለው መለሱልኝ። ይህን ጥያቄ በስብከት ማለፍ አይቻልም። የሰሜን ጎንደር ደገኛ መሣሪያ የያዘው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ውጅግራ፣ አልቢን፣ ለበን፣ ምንሽር እያለ በስም የሚጠራቸው ጠመንጃዎች የአያቶቹ የክብር ዝርዝር ናቸው፤ ግን የፍርሃቱም ዝርዝር ናቸው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ሲደርስ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ ልዩ ኃይል እንዲፈርስ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ውጊያው ከተማ ገባ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በጎንደር ከተማ አንዲት ሕፃን ታግታ ስትገደል ሕዝቡ በቁጣ አደባባይ ወጣ። ይህን ሁሉ ያየ ሽማግሌ ሽጉጥ ቢመኝ ማን ይፈርድበታል?

ምኞቱን መረዳት ግን አንድ ነገር፣ መፍትሔ ነው ብሎ መቀበል ሌላ ነገር ነው። አጋች ብቻውን አይመጣም፤ ክላሽ ይዞ፣ ተቧድኖ፣ ሌሊት መርጦ ይመጣል። ስምንት ጥይት የያዘ፣ ጣቱ የማይታጠፍለት ሽማግሌ በዚያ ሌሊት ምን ሊያደርግ ይችላል? ሽጉጥ እንዳለው ከታወቀ ደግሞ ሽጉጡ ራሱ የሚዘረፍ ሀብት ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ሲታጠቅ ጠንካራው ቤት ደካማውን ቤት ይበልጠዋል እንጂ ደካማው አይድንም። በመሣሪያ ውድድር መጀመሪያ የሚሸነፉት ሽማግሌው፣ መበለቲቱና በሽተኛው ናቸው። ጥበቃ በጉልበት ልክ የሚታደል ከሆነ ደካማ ድርሻ የለውም። መንግሥት የሚባል ነገር ያስፈለገውም ለዚሁ ነበር።

የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። አዋጁን አልቃወምም። ይሁን እንጂ ሕግ በአንድ እጁ «መሣሪያህን አስመዝግብ» ሲል በሌላው እጁ ጥበቃ ካልሰጠ፣ ታዛዡን ባዶ እጁን አስቀርቶ አመፀኛውን ያስታጥቃል። ሕዝቡም ይህን ስለሚያውቅ ነው መሣሪያውን ጓዳ የሚደብቀው።

በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል። አንደኛ፣ ፈቃድ የሚሰጥና የሚያድስ ሁሉ የአመልካቹን ወረቀት ብቻ ሳይሆን እጁንም ይይ፤ መሣሪያውን በፊቱ ያቀባብል፣ ጥይቱንም አውጥቶ ያሳይ። ሁለተኛ፣ ዕድሜ ወይም ሕመም ያሸነፈው ባለመሣሪያ እንደ ወንጀለኛ ሳይታይ፣ በሽማግሌዎች ፊት በክብር መሣሪያውን የሚያስረክብበት መንገድ ይከፈት። የአባት ጠመንጃ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ሲነጠቅ የሚቀረው ቂም ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ቀበሌው በራሱ ሰዎች፣ በሕግ ተጠያቂነት የሚጠበቅበት ሥርዓት ይዘርጋ፤ የሌሊት ጩኸት ሲሰማ የሚደርስ ሰው ይኑር። ይህ ሳይኖር ትጥቅ ፍቱ ማለት ለደገኛው «በርህን ክፈት» ማለት ነው።

አንድ ማኅበረሰብ ሰላም መሆኑ የሚለካው ጎበዙ ምን ታጠቀ ተብሎ አይደለም፤ ጣቱ የማይታጠፍለት ሰው በሩን ዘግቶ በሰላም ማደሩ ነው። ዛሬ በደባርቅና በዳባት፣ በጃናሞራም ያሉ ሽማግሌዎች የሚቀል ሽጉጥ እያፈላለጉ ከሆነ፣ የጎደላቸው ሽጉጥ ሳይሆን ዳኛና ጠባቂ ነው።

ቸር ይግጠመን።