የመብራት ዋጋና የባላገሩ ኪስ

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ተረት ዛሬ በመብራት እንዳይደገም ያሰጋናል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም ከ5 ሺህ ሜጋዋት በላይ ነው። ለግድቡ ባላገሩም እንደ ከተሜው ቦንድ ገዝቷል። ነገር ግን ሽቦው ከራሱ በላይ እያለፈ እርሱ ማታ ኩራዝ የሚለኩስ ገበሬ ዛሬም ብዙ ነው።

«በደጃችን እያለፈ ስለ ምን አይሰጡንም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከግድቡ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ አምፑል የሚፈልገው 220 ብቻ ነው። ይህን ለማውረድ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና ምሰሶ ያስፈልጋል። በከተማ አንድ ትራንስፎርመር ተጠጋግተው የተሠሩ ብዙ ቤቶችን ያበራል፤ በገጠር ግን ቤቱ በየማሳው ተበታትኖ ስለሚገኝ፣ ለጥቂት ቤቶች ብዙ ምሰሶ ይተከላል። ባላገሩም መጀመሪያ የሚያበራው አንድ ሁለት አምፑል ነውና ገቢው ወጪውን አይመልስም።

ምሰሶው ከተተከለ በኋላም ሌላ ዕዳ አለ። ቆጣሪው፣ ከምሰሶ እስከ ቤት ያለው ሽቦ፣ የቤት ውስጥ ዝርጋታው ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ክፍያ እህል ሳይደርስ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ፣ መንደሩ «መብራት ገባለት» ተብሎ ይጻፋል፤ ጎጆው ግን እንደ ጨለመ ይቀራል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እስከ 2017 ዓ.ም. ለሁሉም ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ዘመኑ አለፈ፤ ሥራው ግን አላለቀም።

«የፀሐይ ኀይል አለ» የሚሉ አሉ። እኛም አንጠላውም፤ ከዋናው መስመር ለራቀው መንደር ርካሹ መንገድ እርሱ ነው። ሆኖም በጣራ ላይ የምትሰቀለው ትንሽ ሰሌዳ አምፑልና ስልክ እንጂ ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚፈጀውን የእንጀራ ምጣድ አትችልም። ስለዚህ እናቶቻችን አምፑል ቢበራላቸውም ከእንጨት ሸክምና ከጢስ አልዳኑም።

«ባላገሩ መክፈል አይችልም» የሚለውንም አንቀበልም። ዛሬም ለላምባ፣ ለባትሪ ድንጋይ፣ ገበያ ወጥቶ ስልክ ለማስሞላት ይከፍላል። ጨለማም ዋጋ አለው። የሚቸግረው ክፍያው ሳይሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ መጠየቁ ነው።

እንግዲህ አሳባችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ የማስገቢያው ወጪ በመከር ጊዜ እየተከፈለ ለዓመታት ይከፋፈል። ሁለተኛ፣ መስመሩ በደረሰበት ሁሉ ወፍጮና የመስኖ ፓምፕ ይቅደሙ፤ እነርሱ ቀን ሲሠሩ የሚያስገቡት ገንዘብ የጎጆውን አምፑል ያግዛል። ሦስተኛ፣ መንደር መቁጠር ቀርቶ ምድጃ ይቆጠር። ምሰሶ ማየትና እንጀራ መጋገር አንድ አይደሉምና።