ደጋ ሁሉ ደም አያበዛም

በሰውነት ጥናት የመግቢያ ትምህርት ከሕዋስ ተነሥተን ወደ ደም፣ ከደምም ወደ ሳንባና ደረት ስንሸጋገር፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚያልፍ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ከፍ ባለ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች፣ አየሩ ኦክስጅን ስለሚያንሰው፣ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ብዙ ነው። ፈተና ላይ ይመጣል፤ ተማሪውም እንደተማረው ይመልሳል፤ ነጥቡንም ያገኛል። ዓረፍተ ነገሩ ከመሠረቱ ሐሰት ነው አልልም። የአንዲስ ተራሮችን ነዋሪና በቅርቡ ወደ ተራራ የወጣውን መንገደኛ በደንብ ይገልጻል። የሰው ልጅ አካል ሕግ ሆኖ ሲቀርብ ግን አልቀበለውም። ለዚህም ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት ይበቃል።

ሕጉ የተወለደበትን ቦታ ማወቅ ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቪዮ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ከሊማ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የፔሩ ማዕድን ሰፈር ሞሮኮቻ ወጣና የራሱን ደም ቆጠረ። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር 5 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ቀይ ሕዋስ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 8 ሚሊዮን ተጠጋ። በ1920ዎቹ ደግሞ ፔሩአዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ ደማቸው ከመጠን በላይ የወፈረባቸውን የአንዲስ ነዋሪዎች ሕመም ገለጸ፤ በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከዚያ በኋላ የከፍታ ፊዚዮሎጂ ለረጅም ጊዜ በአንዲስ መነጽር ሲታይ ኖረ። አንድ መንገደኛና አንድ ተራራ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ «ሰው» የሚባለውን ቦታ ያዙ።

የመንገደኛው አካል የሚያደርገው ነገር በእርግጥ ድንቅ ነው። በ3,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚያው 21 በመቶ ነው፤ የወረደው የአየሩ ግፊት ነው፤ በባሕር ጠለል 760 የነበረው ወደ 490 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንገደኛው ብዙ ይሸናል፤ የደሙ ውኃማ ክፍል ማለትም ፕላዝማው ይቀንሳል። ውኃው የመጠጠ ወጥ ጨዉ እንደሚበረታ ሁሉ፣ አንድም አዲስ ሕዋስ ሳይጨመር በቀይ ሕዋሱ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ ይለካል። ይህን የሚያብራሩ መግቢያ መጻሕፍት እምብዛም አላየሁም፤ ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ መቅኔ ይሮጣሉ። እውነተኛው ጭማሪ ቆየት ብሎ ይመጣል። ኦክስጅን ማነሱን የሚለዩት የኩላሊት ሕዋሳት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን በሰዓታት ውስጥ መልቀቅ ይጀምራሉ፤ መቅኔው ግን አዳዲስ ሕዋሳትን በብዛት ወደ ደም ለማውጣት ቀናት ይወስድበታል። ሕዋስ የኦክስጅን እጥረትን እንዴት እንደሚያውቅ የደረሱበት ሦስት ተመራማሪዎች፣ ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሰሜንዛ፣ በ2019 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የእንግዳ አካል ምላሽ ነው። ለሺህ ዓመታት ከፍታ ላይ የኖረ ሕዝብስ? እዚህ ላይ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ሥራ መነበብ አለበት። ቢልና ባልደረቦቿ በ4,000 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ ሁለት ሕዝቦችን አነጻጸሩ። የቦሊቪያ አይማራ ወንዶች ሄሞግሎቢን በአማካይ 19.2 ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ሲገኝ፣ የቲቤት ወንዶች ግን 15.6 ነበር፤ ይህ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ጤነኛ ሰው የማይለይ ቁጥር ነው። በ2002 ደግሞ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን የለኩበት ጥናት ታተመ። ወንዶቹ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ። የቲቤት ሰው ሄሞግሎቢኑ ባይጨምርም ሙሌቱ ይወርዳል፤ የስሜኑ ሰው ግን በሁለቱም ልኬት ከቆላ ሰው ጋር ተቀራረበ። ተመሳሳይ ቀጭን አየር ለሚተነፍሱ ሦስት ሕዝቦች ሦስት የተለያዩ መልሶች ማለት ነው።

የደረቱ ነገርም እንዲሁ ነው። «የተራራ ሰው ደረተ ሰፊ ነው» የሚለው የአካል ክፍሎች ትምህርት ማጣፈጫ የአንዲስን ሰው ሰፊ ደረት አይቶ የተጻፈ ነው፤ በቲቤት ያን ያህል ጎልቶ አይታይም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሳይንሱ ከራሱ ይነሣል፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። ከ2002 በኋላ የተደረጉ ልኬቶች የስሜኑን ሰው ሙሌት ከዚያ ዝቅ አድርገው አግኝተውታል፤ ስለዚህ «ምንም የማይነካው ደገኛ» የሚለው ሥዕል መለዘብ አለበት። የሄሞግሎቢኑ ነገር ግን አልፈረሰም። እንዲያውም በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት የስሜን አማሮችንና የባሌ ኦሮሞዎችን ጎን ለጎን ሲያይ፣ የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ ተገኘ። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ የጊዜ ርዝመት ነው፤ አማሮቹ ደጋው ላይ ቢያንስ 5,000 ዓመት የኖሩ ሲሆን ኦሮሞዎቹ በብዛት የሰፈሩት ከ500 ዓመት ወዲህ ነው። ማብራሪያው የመጨረሻ ቃል ላይሆን ይችላል። ለክርክሬ ግን ይህ ይበቃኛል፦ በአንድ አገር፣ በተቀራረበ ከፍታ፣ ደሙ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፍታ ብቻውን የደምን መጠን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልታየ ነበር።

ሌላ ፍንጭም አለ። በስሜን ተራሮች አካባቢ በ3,700 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች ልብ በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ ወደ ሳንባ በሚወስደው የደም ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ያለ፣ የቧንቧዎቹ ተቃውሞ ግን ያልጨመረ ሆኖ ተገኘ። ይህ በሳንባ ውስጥ የሚያልፈው ደም ፍሰቱ ብዙ መሆኑን ይጠቁማል። ፍሰቱም በስሌቱ ውስጥ ድርሻ አለው። ወደ ሕብረ ሕዋስ የሚደርሰው ኦክስጅን የሄሞግሎቢን፣ የሙሌትና የፍሰት ብዜት ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ «አካል ለከፍታ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው» ማለት፣ ሌሎቹን ሁለቱን ሳይለኩ መፍረድ ነው። ደም መብዛቱም ዋጋ አለው፤ ሕዋሱ ሲበዛ ደሙ ይወፍራል፤ ልብም ወፍራሙን ደም ለመግፋት ይደክማል። የሞንሄ በሽታ የዚህ ጫፍ ነው።

ሁለተኛውን ተቃውሞ ከመምህራን እሰማለሁ፦ ለጀማሪ ዋናውን ሕግ እናስተምር፣ ልዩ ሁኔታው በኋላ ይመጣል። ይህ የሚሠራው ልዩ ሁኔታው በእርግጥ ልዩ ሲሆን ነው። ጎንደር ወይም ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለሚማር ጀማሪ የስሜን ሰው ልዩ ሁኔታ፣ የቦሊቪያ ሰው ዋና ሕግ የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። (ስለ ሯጮቻችን የሚነገረውን «ደጋው ደም ሰጣቸው» ባይ ወሬ ለጊዜው ልተወው፤ ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያወጣ ቢሆን የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ሰዎች ማራቶኑን ለማንም ባልለቀቁ ነበር።)

ነገሩ ከመማሪያ ክፍል ሲወጣ ደግሞ ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስን የሚለይበት መስመር ለአዋቂ ወንድ 13፣ ላላረገዘች ሴት 12 ግራም ነው። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ይጨምራል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ከመስመሩ ጋር ከመነጻጸሩ በፊት ከተለካው ቁጥር ላይ የሚቀነስ ልክ አለ፤ በ2011ዱ ሠንጠረዥ ለ3,500 ሜትር 2.7 ግራም ነበር። አሁን የስሜኑን አማካይ ወንድ እንውሰድ። 15.9 ሲቀነስ 2.7፣ 13.2 ይሆናል። ሴቷም 12.3 ላይ ትደርሳለች። ጤነኛ የተባለው አማካይ ራሱ ከመስመሩ በጭንቅ አለፈ ማለት ነው፤ የሰዎች ቁጥር በአማካዩ ላይና ታች የሚበተን ስለሆነም፣ ከግማሽ ብዙ ያላነሱት «ደም ያነሳቸው» ይባላሉ። በባሕር ዳርቻ ቢለኩ አብዛኞቹ ምንም ባልተባሉ ነበር። «ምናልባት በእርግጥ የተደበቀ ደም ማነስ ይኖርባቸው ይሆናል» የሚል ካለ፣ ሕጉን የሚያጠራጥረውን ማስረጃ በዚያው ሕግ መልሶ እየዳኘው መሆኑን ያስተውል።

ሠንጠረዡ በ2024 ተከልሶ በከፍተኛ ቦታዎች የሚቀነሰው ልክ ለዘብ ብሏል። አሁንም ግን የሚጠይቀው ስንት ሜትር ላይ እንደሚኖሩ እንጂ ስንት ትውልድ እንደኖሩ አይደለም። ስለዚህ በደጋ ወረዳዎች ለሚደረግ የደም ማነስ ቅኝት የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ያልተቀነሰው ቁጥር ከተቀነሰው ጎን ለጎን ይታተም፤ ብረት ከመታዘዙ በፊትም በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ቢያንስ በናሙና ይለካ። በመግቢያ መጽሐፉ ላይ ደግሞ «ሰዎች» የሚለው ቃል ይውጣና በቦታው «አዲስ የወጡ መንገደኞችና የአንዲስ ነዋሪዎች» ይግባ።