ዘይቱን ጠርጋችሁ አሳዩን

ፖሊሽ ማሽን በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት ትርኢት አለ። ሻጩ የደበዘዘ ኮፈን ላይ ኮምፓውንድ ጠብ ያደርጋል፣ ማሽኑን ያስነሣል፣ ሁለት ደቂቃ ያሽከረክራል፣ በጨርቅ ይጠርጋል። ኮፈኑ መስታወት ይሆናል። ገዢው ፊቱን ያይበትና እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ሻጮች ይህን «ፈትነን ነው የምንሸጠው» ይሉታል። እኛ ከናይሮቢ ኢስሊ እስከ መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ይዘን የምንመላለስ ነንና በግልጽ እንናገር፦ በዚያ ሁለት ደቂቃ ስለ ማሽኑ የታወቀ አንድም ነገር የለም።

ኮምፓውንድ የሚያሽ ዱቄት ብቻ አይደለም፤ ዘይትም አለበት። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጭረት የሚሞላ ሰም ወይም ሲሊኮን ይጨመርበታል። ዘይቱ የጭረቱን ቦይ ሲሞላው ብርሃን እኩል ይመለሳል፣ ዓይንም ይታለላል። መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ግን ያ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ባለበት ይገኛል። ያኔ ባለመኪናው ወደ ላቫጆው ይመለሳል። የላቫጆው ልጅ ማሽኑን ወደ ሸጠለት ነጋዴ ይመለሳል። ነጋዴውም «አያያዙን አልቻልክበትም» ብሎ ይሸኘዋል። ልጁ የባለመኪናውን ገንዘብ ከኪሱ ከፍሎ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ማጭበርበሩን የሚያጋልጠው ነገር ደግሞ ውድ አይደለም። አይሶፕሮፒል አልኮል ከውኃ ጋር አደባልቆ፣ የተሠራውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው። ዘይቱ ሲነሣ የሚቀረው እውነተኛው ሥራ ነው። ይህን በገዢ ፊት የሚያደርግ ሻጭ እስካሁን አልገጠመንም።

የሚታሸው ነገር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ብዙ ሰው ስለማያውቅ ቁጥሩን እንናገር። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የፋብሪካ ቀለም ከሥረኛው ፀረ ዝገት እስከ ላይኛው ክሊር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊሩ 40 ወይም 50 ማይክሮን ያህላል፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። ጭረት ጠፋ የምንለው በዙሪያው ያለው ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ተልጎ ሲወርድ ነው። የተላገው አይመለስም። የፀሐይን ጉዳት የሚከላከለው ንጥረ ነገርም ያለው እዚያው ክሊሩ ውስጥ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ፀሐዩ ምን እንደሚሠራ ውጭ የሚያድር መኪና ጣሪያ ያየ ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ስስ ነገር የሚያሽ ማሽን ነጋዴው በምን መዝኖ ይሸጠዋል? በዋትና በዙር ብዛት። ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ ከፍ ካለ ዋጋውም ከፍ ይላል። ዋት ግን ማሽኑ ከመስመር የሚስበው ኃይል ነው፤ ቀለሙ ላይ ስለሚደርሰው ሥራ አይናገርም። የዙር ብዛትማ ጭራሽ ሊያስፈራ የሚገባው ቁጥር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሱፍ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ሱፍ አስሮ «ፖሊሽ ማሽን» ብሎ መሸጥ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11000 ያህል ዙር አለው፤ 12.5 ሳንቲ ሜትር ሳህን ቢታሰርበት የጠርዙ ፍጥነት በሰዓት ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ በሰው ኮፈን ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ላቫጆ ውስጥ ወለሉ እርጥብ፣ ገመዱ የተቀጠለ መሆኑን ሲጨምሩበት ደግሞ ጉዳዩ ከቀለምም ያልፋል።

በአንድ ዘንግ ብቻ የሚዞረውን ሮታሪ መጥፎ ነው አላልንም። የለመደ እጅ ሲይዘው ፈጥኖ የሚቆርጥ እሱ ነው። ችግሩ ሙቀቱ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ከዘገየ፣ በተለይ ቀለሙ በሚሳሳበት የኮፈን ጠርዝ ላይ፣ ወይም ሙቀት በማያሳልፈው የፕላስቲክ ፓራውልት ላይ፣ በቅጽበት ያቃጥላል። ሁለተኛው ዓይነት ዱዋል አክሽን የሚባለው ነው። ሳህኑ እየዞረ በዚያው ላይ ከመሃሉ ወጣ ብሎ ይሽከረከራል፤ የሽክርክሩ ስፋት 8፣ 15 ወይም 21 ሚሊ ሜትር እየተባለ ይሸጣል። ሲጫኑት መዞሩን ስለሚያቆም ለጀማሪ ይሻላል። ጸባዩም ጉድለቱም ያው መቆሙ ነው።

በቅርቡ ከዚህ ሁለተኛ ዓይነት አንድ አዲስ ማሽን ለናሙና ቀረጥ ከፍለን በሞያሌ አስገባን። ካርቶኑ 15 ሚሊ ሜትር፣ 900 ዋት ይላል። የአምራቹን ስም አንጠራም፤ ነገራችን ከአንድ ስም ጋር አይደለም። ብዙ ከማዘዛችን በፊት ከሶማሌ ተራ አንድ ጥቁር ኮፈንና አንድ በር ገዛን። ጥቁር የመረጥነው ምንም ስለማይደብቅ ነው። አጠብነው፣ በጭቃ መሰሉ ማጽጃ ፈተግነው፣ ኮፈኑን መሃል ለመሃል በወረቀት ፕላስተር ከፈልነው። በቀለም ውፍረት መለኪያ ብዙ ቦታ ላይ ለካን። መለኪያው ራሱ ሁለት ሦስት ማይክሮን ወዲያ ወዲህ ሊል ስለሚችል አንዱን ቦታ ደጋግመን ነው የለካነው። ክሊሩን ለብቻው አይናገርም፣ ድምሩን ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ አይሠራም። ይህን ሳይናገሩ መለኪያ የሚሸጡም አሉ፣ እሱን ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ከማሽኑ በፊት ሽክርክሩን ፈተንን። ሳህኑ መሃል ላይ የእርሳስ ጫፍ አስረን በእጃችን በቀስታ ስናዞረው ወረቀት ላይ ክብ ይሥላል፤ የክቡ ስፋት ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር መሆን አለበት። 15 የተባለው 12 ወጣ።

ከዚያ ሳህኑ ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር አሰመርን፤ እየዞረ መሆኑና መቆሙ የሚታወቀው በሱ ነው። ከለስላሳው ስፖንጅና ከቀጭኑ ፖሊሽ ጀመርን፤ ቀላሉ ከበቃ ጠንካራውን ማን ይፈልገዋል? ኮፈኑ ሜዳ ላይ ማሽኑ ያለ ችግር ዞረ። አራት ጊዜ ከተመላለስንበት በኋላ በአልኮል ጠርገን ጨለማ ውስጥ በስልክ መብራት አየነው። ጭረቱ በአብዛኛው የለም፤ የውፍረቱም ለውጥ መለኪያው ሊለየው የማይችል ትንሽ ነበር። በሌላው ግማሽ ሮታሪ አስገባን። ፈጥኖ ጨረሰ፣ በፀሐይ ሲታይም የበለጠ ያበራል። በስልኩ መብራት ግን ማሽኑ የሄደበት መንገድ ሁሉ እንደ ጭስ ተጥመልምሎ ታየ። ያን ለማጥፋት ሌላ ዙር ሥራ ያስፈልጋል፣ ሌላ ክሊርም ይበላል።

በሩ ላይ ሲደርስ አዲሱ ማሽን ተሸነፈ። በሩ ሆድ በሚያወጣበት ቦታ በማርከር ያሰመርነው መስመር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል እንጂ አያሽም። በትርኢቱ ላይ ማንም ገዢ ይህን አያይም፣ ትርኢቱ ሁልጊዜ ኮፈን ላይ ነውና። ማታ የሰፈሩ መብራት ሲደክም ማሽኑም አብሮ ደከመ፤ ፍጥነቱን የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ የለውም። ሃያ አምስት ደቂቃ ከሠራ በኋላ አንገቱ ለእጅ ይከብዳል ባይባልም ሞቋል። በመጨረሻ አቅራቢውን መለዋወጫ ሳህንና ካርቦን ብሩሽ ጠየቅነው። «ሙሉ ማሽን ነው የምንሸጠው» አለን። ሳህን የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ሳህን የሌለው ማሽን ደግሞ ስንት ወር እንደሚሠራ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

አብረውን የሚነግዱ ወዳጆቻችን ይህን ስንነግራቸው ሦስት መልስ አላቸው። የመጀመሪያው «ወንድሜ፣ ገዢው ዋጋ ነው የሚጠይቀኝ» የሚል ነው። ዋጋ የሚጠይቀው ሌላ የሚጠይቀው ነገር ስላላስተማርነው ነው። ዋትና ዙር ቆጥሮ እንዲገዛ ያስለመድነው እኛው ነጋዴዎች ነን፤ በአልኮል የተጠረገ ኮፈን አይቶ እንዲገዛም ማስለመድ ይቻላል። ሁለተኛው «እስክፈትን ገንዘቤ ይተኛል» ነው። ለዚህ ፈተና አንድ ኮፈን፣ አንድ በርና አንድ ቀን በቃን። ድፍን ኮንቴይነር ከገባ በኋላ እየተመለሰ የሚመጣ ዕቃ የበለጠ ያስተኛል። ሦስተኛው ነው የሚያናድደን፦ «ጥፋቱ የልጆቹ እጅ ነው»። ናይሮቢ ውስጥ ጁዋ ካሊ የሚሏቸውን በፀሐይ ሥር የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ የላቫጆ ልጆችን እናውቃቸዋለን። መመሪያው በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ፣ ሽክርክሩ የተዋሸ ማሽን ሰጥተናቸው፣ ሲያቃጥሉ እጃቸውን መውቀስ ነውር ነው።

ጉዳዩ የአንድ ሰሞን ገበያም አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አገር ውስጥ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት የሚነዳ ነው። ከዚህ ቀደም የተቀባ፣ ስቱኮ ያለበት፣ መለኪያው ላይ ከ500 ማይክሮን በላይ የሚያሳይ በርና ፓራፋንጎ ሞልቷል፤ ወፍራም ነው ማለት ግን ለማሸት ይመቻል ማለት አይደለም፣ ክሊሩ የእጅ ሥራ ነውና። አሮጌው ላዳ ደግሞ ክሊር እንኳ የለውም፤ ስፖንጁ ሰማያዊ ሆኖ ሲነሣ የወጣው ራሱ ቀለሙ ነው። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነው መኪና እንዳይገባ ብትከለክልም፣ የሚገባው ያገለገለ መኪና ለሽያጭ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ አንዴ ታሽቷል። ገዢው ደግሞ ያሳሸዋል። ከዚያ 40 ማይክሮን ላይ ስንት ሰው ድርሻ እንደሚወስድ አስቡት።

ስለዚህ ፖሊሽ ማሽን የምታስመጡ ወገኖች፣ የምንጠይቃችሁ ከባድ አይደለም። ትርኢታችሁን በአልኮል ጨርሱ። ከኮፈኑ ሌላ በር ላይም አሳዩ። ሽክርክሩን ለክታችሁ የወጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ጻፉ። መለዋወጫ ሳህን አብራችሁ አስገቡ። ኬንያ የተገዛው ማሽን በባለ ሦስት እግር ሶኬት ስለሚመጣ፣ ልጆቹ ቆርጠው ሽቦ ከሚያጠላልፉ እናንተው በደንብ ቀይራችሁ ስጡ። ግራይንደርንም ግራይንደር በሉት።

ያ የፈተንነው ማሽን ሱቃችን አለ። ካርቶኑ ላይ 15 የሚለውን ሠርዘን 12 ጽፈንበታል፣ «ለኮፈንና ለጣሪያ» ብለን ዋጋውን ቀንሰናል፤ ሳህን የሚያቀርብልን እስክናገኝ ሌላ አናዝም። አልተስማማንም የምትሉ ማሽናችሁን ይዛችሁ ኑ። ኮፈኑም በሩም አሉ፣ የአልኮሉን እኛ እንችላለን።