የድሬዳዋው ወርክሾፕ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። ስብሰባው ቀድሞ ስለተጠናቀቀ፣ በተረፈኝ ግማሽ ቀን የቀድሞውን የምድር ባቡር ወርክሾፕ ጎበኘሁ። ያስጎበኙኝ አዛውንት በዚያው ግቢ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። አንዱን አሮጌ ቶርኖ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ ማሽኑ ገና እንደሚሠራ፣ ያለቀው ግን የሚያሠራው ሰው እንደሆነ ነገሩኝ። ይህ አባባል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላልቻለ ከሥር በረሃው ላይ ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተቆረቆረች። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ከውጭ ለማስመጣት የሚያስቸግር መለዋወጫ እዚሁ ወርክሾፕ ውስጥ እየተቀረጸ፣ ፉርጎው እየተጠገነ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ሙያ ሲማር ኖሯል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ግን ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ። አሮጌው ግቢ አብዛኛው ክፍሉ ሥራ ፈትቶ መሀል ከተማ ላይ ተቀምጧል።

ለመሆኑ ይህ ግቢ ምን ይሁን? ጥያቄው ዛሬ መነሳት ያለበት ያለምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን ያፈረሰው የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቷል። ዶዘሩ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ክርክር ደግሞ ለቅሶ እንጂ ውይይት አይባልም። እስካሁን የምሰማው ሁለት መልስ ነው። አንዱ «ሙዚየም ይሁን» ይላል፤ ሌላው «መሬቱ ለባለሀብት ይሰጥ»። በእኔ እምነት ሁለቱም ይጎድላቸዋል። ሙዚየም ብቻ ከሆነ የከተማው ሰው አንዴ አይቶት አይመለስበትም። ለባለሀብት ከተሰጠ ደግሞ የትም ያለ የገበያ ማዕከል ይሆናል።

ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ያሳዩ ከተሞች አሉ። ለንደን የሚገኘው የባንክሳይድ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ ካቆመ በኋላ፣ በ2000 ቴት ሞደርን የተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ ተከፍቷል። የተርባይኑን አዳራሽ ማሽኖቹን አውጥተው ባዶውን ተዉት፤ ሠዓሊ፣ ዳንሰኛና ሙዚቀኛ እንደየአስፈላጊነቱ ይሞላዋል። ወጪው ግን 134 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። እኛ በዚህ መንገድ አንሄድም።

ለእኛ የሚቀርበው የብራዚሉ ነው። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ፖምፔያ በተባለ የሠራተኞች ሰፈር አንድ አሮጌ የበርሜል ፋብሪካ ነበር። አርክቴክቷ ሊና ቦ ባርዲ ቦታውን ለማየት በሄደችበት ቅዳሜ፣ ልጆች ኳስ ሲራገጡ፣ ቤተሰብ ሥጋ ሲጠብስ አገኘች። ይህን ካየች በኋላ ሕንፃውን ከማፍረስ ይልቅ ሕዝቡ የጀመረውን እንዲቀጥል ማድረግን መረጠች። ቀለሙንና ልስኑን አስነሥታ ጡቡን ገለጠችው። በ1982 ሲከፈት ቤተ መጻሕፍት፣ ኤግዚቢሽን፣ የሸክላና የእንጨት ሥራ ክፍሎች፣ ምግብ ቤት፣ ተመልካች ከመድረኩ በሁለቱም ወገን የሚቀመጥበት ቴአትር በአንድ ግቢ ተገናኙ። ከሥነ ሕንፃው በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ገንዘቡ ነው። ማዕከሉን የሚያስተዳድረው ሴስክ የተባለው ድርጅት የሚተዳደረው የንግድ ድርጅቶች ከሚከፍሉት ደመወዝ ላይ በሚሰላ 1.5 በመቶ መዋጮ ነው። በየዓመቱ የበጀት ልመና የለበትም።

እንግዲህ ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ቶርኖዎቹ ከቦታቸው መነቀል የለባቸውም። በማሽኖቹ የተሞላው ክፍል እንዳለ ሆኖ፣ ያ ጡረተኛ ለቴክኒክ ተማሪዎች ሙያውን የሚያወርስበት ቢሆን ጉብኝቱም ሥልጠናውም ይሆናል። ባዶዎቹ ሼዶች ግን ባዶ ይሁኑ። በየከተማው የምናውቀው አዳራሽ ወንበሩ ከወለሉ ጋር የተጣበቀ፣ ለስብሰባ ብቻ የሚመች ነው። እዚህ ወንበሩ የሚነሳ፣ መድረኩ የሚገፋ ከሆነ ጠዋት የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ፣ ማታ በሦስትና በአራት ቋንቋ የሚዘፈንበት ኮንሰርት ይካሄድበታል። ድሬዎች ለዚህ እንግዳ አይደሉም፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚወራባት ከተማ ናት።

የመተዳደሪያው ነገር ከሕንፃው ይቀድማል። ከግቢው ዳርና ዳር ለካፌና ለሱቅ የሚከራየው ቦታ ገቢ በሕግ ለቤቱ ብቻ እንዲውል ቢደረግ፣ አስተዳደሩም የባቡሩን ሠራተኞች፣ የአርቲስቶቹንና የከተማውን ወኪሎች ያካተተ ቦርድ ቢሆን፣ ሹም በተቀየረ ቁጥር ቁልፉ አይቀየርም። ይህ ካልተወሰነ እድሳቱ ለምረቃው ቀን ብቻ ያምራል።

«ሥራ አጥ ወጣት ባለበት ከተማ ኪነ ጥበብ ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ለጭነትና ለንግድ የሚሆነው ቦታ ሌላ አለ፤ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመርቋል። መሀል ከተማ ያለውን አሮጌ ግቢ ለመጋዘን መሻማት አያስፈልግም። የእጅ ሙያ የሚማርበት፣ የድምፅና የመብራት ባለሙያ የሚቀጠርበት ቤትም የሥራ ቦታ ነው።

ብረት ቶሎ አይሞትም፤ ዝገቱ ይጠረጋል። ሰው ግን ይሞታል። ያ አዛውንት በሕይወት እያሉ የሚያስተምሯቸው ልጆች በዚያ በር እንዲገቡ ከተፈለገ፣ ውሳኔው የሚቀጥለውን የበጀት ዓመት የሚጠብቅ አይመስለኝም።